ሚኒሞ

ኮፈኑ ሲከፈት
መጀመሪያ ያየነው የአይጥ ቤት፤
የወንበር ስፖንጅ፣ የጋዜጣ ቅዳጅ፣
አንድ ቀይ ክር፣ ከየት እንደመጣ እንጃ።
ሽኩር በካቻቢቴ ጫፍ አንሥቶ ጣለው፣
"ተከራይ አስለቀቅን" ብሎ ሳቀና
ሳቁን ቶሎ ዋጠው፤
እኛም እስከ ሐሙስ ልንለቅ ነውና።

ሃያ ስድስት ዓመት፣ ሠራተኛ ሰፈር፣
ጎማዋ ተንፍሶ፣ መስታወቷ አፈር፤
ዳትሰን ናት። አባባ በሰባ ሦስት ዓመት
ከሚሄድ ፈረንጅ በዱቤ ገዛት፤
ለሌላ አገር ሕግ የተሰፋች፣
ጭሴን ሳላጥብ አልተፋም ብላ ቃል የገባች።
እዚህ ግን ማን ጠይቋት?
ከፊቷ የሚሄደው ውይይት
ጥቁሩን እየተፋባት።

ቱቦ ላይ ቱቦ፣ ጎማ ሥር ጎማ፣
እንደ ሰፈራችን የስልክ ምሰሶ።
አባባ የቴሌ ሰው ነበር፣ የመስመር ሠራተኛ፤
የሚሄድ ነገር ሁሉ መድረሻ አለው ብሎ የሚያምን።
በየቱቦው አንገት ነጭ ፕላስተር ጠቅልሎ
በቢክ እስክሪብቶ ጽፏል፦
"ከካርቡራተር ወደ ዲስትሪቢውተር"፣
"ከሞተር ትንፋሽ ወደ ማጣሪያ"፣
"ፍሬን። አትንካ።"
አሥራ ሰባተኛው ላይ ግን እንዲህ ብቻ ይላል፦
"ይህስ ወዴት?"

ባትሪ ተውሰን አስነሣናት።
ተነሣች፤ ተንቀጠቀጠች፤
ሚኒሞ ላይ ስትደርስ ጠፋች።
እንደገና። ጠፋች።
ሽኩር አንዱን ቱቦ እንደ ስልክ ጆሮው ላይ ለጠፈ፣
"ሌባ አየር" አለ፣ "በየስንጥቁ ይገባል፣
ማንም አልቆጠረው፤
ቤንዚኑን አቅጥኖ ትንፋሿን ቆረጠው።"
ጎማውን ቆነጠረ፤ እንደ ደረቅ ብስኩት
እጁ ላይ ፈረሰ።

ስለዚህ መቀነስ።
ጭስ መላሹን በቆርቆሮ ደፈነ፣
የአየር ፓምፑን ከነቺንጊያው አወረደ፣
የቀረውን አፍ ሁሉ ከሶማሌ ተራ ባመጣው ክዳን ዘጋ።
"ጭሱስ?" አልኩት፤
ሳል ያለበት ሰው ነኝ፣ ይህን መጠየቅ አለብኝ።
"ዘበኛው ከሞተ ቆየ" አለኝ፣
"እኔ ደመወዙን ነው ያቋረጥኩት።"
መልስ ይመስላል። አልዋጥህ አለኝ፤
ሆኖም መብራቱን ያዝኩለት።

ሦስት ግን አልነካም።
የሞተሯን መተንፈሻ፣ "ዘይቷን ፊቷ ላይ እንዳትተፋ"፤
የዲስትሪቢውተሩን፣ "ዳገት ላይ ትፈልጊዋለሽ"፤
የፍሬኑን፣ "የቸርችልን ቁልቁለት ታውቂያለሽ።
ደግሞ አትንካ ብለዋል፣
አልነካም።"
ለሦስቱ አዲስ ጎማ ቆርጦ አለበሳቸው።
ሞተሩ ራቁቱን ቀረ፣
ሐዘን እንደ ላጨው ራስ፤
ዓይኔን ወደ አጥሩ መለስኩ።

አሥራ ሰባተኛውን በጣቱ ተከተለው፤
ከባትሪው ኋላ፣ ከጭቃ መከላከያው ሥር፣
እስከ ክንዱ ገባ፤
ወጣ። ጫፉ የትም አይደርስም።
የቢክ ክዳን ተወትፎበታል፣ ሰማያዊ፣
ዙሪያውን የተነከሰ።
አባባ ሲያስብ ክዳን ያኝክ ነበር፤
መድረሻውን ሲያጣ
ቀዳዳውን ደፍኖ ወደ ሥራው ሄደ፣
ለማንም ሳይናገር።

ሽኩር በሸሚዙ ጠረገው።
"ልኩ ነው" አለ፣ "አንድ አፍ ቀርቶኝ ነበር፤
ለዛሬ ይይዛል።"
አስነሣናት።
ተንቀጠቀጠች፤ ወረደች፤ ወረደች፤
ሚኒሞ ላይ ደረሰች፣
እዚያው ቆመች፣
ጠዋት በር ላይ እንደሚጠብቅ ሰው፣ ሳትጣደፍ።
የጎረቤታችን የእትዬ ውድነሽ መስኮት ተዘጋ፤
ጭሱ ይሸታል፣ አልዋሽም።

ቆራሌው ፌስታሉን ከፍቶ አየ፣
አሥራ አራት ደረቅ ቱቦ፣ ከነፕላስተሩ።
"ጎማ አልገዛም።"
ከኋላ ወንበር ጫንኩት።

በሩ ለመጨረሻ ጊዜ ተከፈተ።
ፒያሳን ዞረን ቸርችል አናት ላይ ወጣን፤
ታች ለገሃር ድረስ
ሁሉም ቁልቁል ነው።
እግሬን አሳረፍኩ።
ያዘ።